ቀይን በጥቁር መስመር መጻፍ፦ የድሮ የጋሻ አርማ ህትመቶች እንዴት ይነበባሉ?

የጀርመኑ ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር በ1503 አንድ የጋሻ አርማ፣ ማለትም በጋሻ ላይ የሚሳል የቤተሰብ መለያ፣ በመዳብ ላይ ቀረጸ። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጋሻው ላይ ያለው ምስል የሰው የራስ ቅል ነው። ከጋሻው በላይ የብረት የራስ ቁር አለ። ከቁሩ ላይ ሁለት ትልልቅ ክንፎች ተዘርግተዋል። አጠገቡ ዘውድ የደፋች፣ ያማረ ቀሚስ የለበሰች ሴት ቆማለች። ከኋላዋ ደግሞ ገላው በጠጉር የተሸፈነ የዱር ሰው ወደ ጉንጯ ጠጋ ብሏል።

ይህን ሥራ የሚያይ ሰው ስለ ሞትና ስለ ፍቅር ማውራት ይቀናዋል። ያስወራልም። እኔን የሚይዘኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ጋሻው ቀለሙ ምንድን ነው? ቀይ ነው? ጥቁር? ወርቅ? ምስሉን የፈለጋችሁትን ያህል ብታጎሉት መልስ አታገኙም። ይህ ደግሞ ለአርማ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በአውሮፓ የጋሻ አርማ ሥርዓት ውስጥ ቀለም ጌጥ አይደለም፤ የማንነቱ ግማሽ ነው። በቀይ መደብ ላይ ያለ የወርቅ አንበሳ የአንዱ ቤተሰብ ሆኖ፣ በሰማያዊ መደብ ላይ ያለው ያው አንበሳ የሌላው ሊሆን ይችላል።

ዱረር ግድ አልሰጠውም፤ የሳለው የማንንም ቤተሰብ አርማ አልነበረምና። የእውነተኛ ቤተሰቦችን አርማ በመጽሐፍ የሚያሳትሙ ሰዎች ግን ጉዳዩ ያንገበግባቸው ነበር። በእጃቸው ያለው ጥቁር ማተሚያ ቀለም ብቻ ነው። መፍትሔው ሲገኝ በጣም ብልህ ሆነ። ብልህነቱ ግን ዋጋ አስከፍሏል። ከዚያ በፊት መስመር የነገሮችን ቅርጽ ለማሳየት ነጻ ነበረ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጌታ አገኘ።

መጀመሪያ መሣሪያውን እንይ። ቀራጺው የሚይዘው ቡሪን የሚባል አጭር የብረት ዘንግ ነው። ጫፉ በሰያፍ ተቆርጦ የተሳለ ነው። እጀታው ክብ እንጨት ሆኖ መዳፍ ውስጥ ይገባል። እንደ እርሳስ አይጎተትም፤ ወደ ፊት ይገፋል። መዳቡን እንደ ማረሻ እየሰነጠቀ ትልም ያወጣል። ጠንከር ተደርጎ ሲገፋ ትልሙ ይጠልቃል፣ ይሰፋልም። ላላ ሲል ይቀጥናል። ጠማማ መስመር ሲያስፈልግ ብዙውን ጊዜ የሚዞረው እጅ ሳይሆን የመዳቡ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው በቆዳ ትራስ ላይ ተቀምጦ፣ ቡሪኑ ባለበት ሆኖ፣ በሌላው እጅ ቀስ እየተባለ ይዞራል። የጥሩ ቀራጺ ጠማማ መስመር የማይንቀጠቀጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ሰሌዳው በሙሉ በማተሚያ ቀለም ይቀባል፣ ላዩም ተጠርጎ ይጸዳል። ቀለሙ ትልሞቹ ውስጥ ብቻ ይቀራል። እርጥብ ወረቀት ይነጠፍበትና በሁለት ከባድ ጥቅልሎች መካከል ያልፋል። ወረቀቱ ትልሙ ውስጥ ገብቶ ቀለሙን ይዞ ይወጣል።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። በዚህ ሥራ ግራጫ የለም። መስመር ያለበት ቦታ ጥቁር ነው፣ የሌለበት ነጭ ነው፤ በቃ። ጥላ የሚመስለን ሁሉ የዓይናችን ሥራ ነው። ቀራጺው ቦታውን ለማጥቆር መስመሮቹን ያቀራርባል፣ ያወፍራል፣ በሌላ መስመር ያቋርጣቸዋል፣ በመካከላቸው ነጠብጣብ ይጨምራል። ክብ ነገር ለማሳየት ደግሞ መስመሩን በነገሩ ገላ ላይ እንደሚሄድ አድርጎ ያጎብጠዋል። በክንድ ላይ ክንዱን ይዞራል፣ በጉንጭ ላይ የጉንጩን ሙላት ይከተላል። የሃርለሙ ሄንድሪክ ጎልትሲውስ (1558–1617) በዚህ ጥበብ እጅግ የታወቀ ነው። መስመሩ ከጸጉር ቅጥነት ተነስቶ ያብጣል፣ መልሶ ይሾላል፤ ጡንቻው ከወረቀቱ ተነስቶ የሚወጣ ይመስላል። ፈረንሳዊው ክሎድ ሜላን ደግሞ በ1649 የክርስቶስን ፊት በአንድ መስመር ብቻ ቀረጸ። መስመሩ ከአፍንጫው ጫፍ ተነስቶ ክብ እየዞረ ይሰፋል። ዓይኑም፣ አፉም፣ እሾሁም የመጡት ያ አንድ መስመር አንዴ እየወፈረ አንዴ እየቀጠነ ነው። ጉድ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

የጋሻ አርማና የመዳብ ቅርጽ ከመጀመሪያውም ጎረቤታሞች ነበሩ። ሁለቱም በአንጥረኛ ቤት ያደጉ ናቸው። አንጥረኛው በብር ጽዋና በቀለበት ላይ የባለቤቱን አርማ ይቀርጽ ነበር። የዱረር አባት በኑርንበርግ የወርቅ አንጥረኛ ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው ማርቲን ሾንጋወርም የኮልማር አንጥረኛ ልጅ ነው። ሾንጋወር አሥር ትንንሽ ክብ የጋሻ አርማዎች ቀርጿል። በእያንዳንዱ ላይ ጋሻውን የሚይዝ አለ፤ አንዱን መልአክ፣ ሌላውን የዱር ሰው፣ ሌላውን ሴት ይዛዋለች። ቦታው ክብና ጠባብ ስለሆነ ያዦቹ ይጎነበሳሉ፣ ጉልበታቸውን ያጥፋሉ፣ ጋሻውም ያዘነብላል። እነዚህ አርማዎች ደስ የሚሉት ጋሻው ላይ ባለው ነገር አይደለም። ደስ የሚለው ሥጋ ያለው አካል ከጋሻው ጋር ሲታገል ማየት ነው።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን፣ ወደ አርማው ሕግ እንሂድ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ የአንድ ቤተሰብ አርማ በዋናነት ሥዕል ሳይሆን የቃል መግለጫ መሆኑ ነው። “በቀይ መደብ ላይ በኋላ እግሩ የቆመ የወርቅ አንበሳ” ከተባለ አለቀ። አንበሳው ይክሳ ይወፍር፣ ጋማው ይጠቅለል ይዘርጋ፣ መግለጫው አይናገርም። አሥር ቀራጺዎች አሥር ዓይነት አንበሳ ቢያወጡ አሥሩም ትክክል ናቸው።

የማይለወጠው አቋሙ ነው። በእግር ኳስ እንየው። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ማሊያ ላይ ያሉት ሦስት አንበሶች ይራመዳሉ፤ ፊታቸውን ግን ወደ እኛ አዙረዋል። የቼልሲው አንበሳ በኋላ እግሩ ቆሞ ወደ ኋላው ይመለከታል። በቀድሞው የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ላይ የነበረው የይሁዳ አንበሳ ደግሞ እየተራመደ የፊት እግሩን አንስቶ መስቀል ያለበትን ዘንግ ይይዛል። በአውሮፓ አርማ አንባቢ ዓይን እነዚህ ሦስት የተለያዩ ፍጥረቶች ናቸው ማለት ይቻላል።

የመካከለኛው ዘመን ሠዓሊ አንበሳውን ጠፍጣፋ አድርጎ፣ ጥፍሩንና ምላሱን አጋንኖ፣ ጅራቱን ባዶ ቦታ እንዲሞላ ጠምዝዞ ይስለው ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አርማው በጦር ሜዳና በፈረስ ግጥሚያ ላይ ከሩቅ መለየት ነበረበት። ከሩቅ የሚታየው የዳር መስመሩ ነው። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግን አርማው ወደ ወረቀት ወረደ። አሁን አንባቢው ከአንድ ክንድ ባነሰ ርቀት ነው የሚያየው። ስለዚህ ቀራጺዎቹ አንበሳውን ሥጋ አለበሱት። የጎድን አጥንት፣ የጭን ጡንቻ፣ የጋማ ጸጉር መጣ። ዱረር በ1503 አካባቢ የቀረጸውና አንበሳና አውራ ዶሮ ያለበት ሌላ የጋሻ አርማ አለ። ዶሮው የተቀመጠው በራስ ቁሩ አናት ላይ ነው። ክንፉን ዘርግቶ ሊጮኽ ያለ ይመስላል። አርማ መሆኑን ረስታችሁ ዶሮውን ታያላችሁ።

በነገራችን ላይ፣ ሰዉ የአርማን ሰዋስው ምን ያህል ያውቅ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ቀልድ አለ። በ1480ዎቹ መጨረሻ አካባቢ፣ ስሙ የማይታወቅ አንድ የጀርመን ቀራጺ፣ ጋሻው ላይ በጭንቅላቱ የቆመ ገበሬ ያለበት አርማ ሠራ። በራስ ቁሩ አናት ላይ ደግሞ ሚስት ባሏ ጀርባ ላይ ተቀምጣለች። ጋሻው፣ ቁሩ፣ ከቁሩ የሚወርደው ጨርቅ ሁሉም በቦታው ነው። ሥርዓቱ ሳይጎድል ዓለሙ ብቻ ተገልብጧል። ዛሬ ሰው የባለሥልጣን ማኅተም አስመስሎ ሚም እንደሚሠራው መሆኑ ነው።

ቀራጺውን የሚያስጨንቅ ሌላ ነገርም ነበር፤ ግልበጣ። መዳቡ ላይ ያለው ሁሉ ወረቀት ላይ ተገልብጦ ይወጣል። ለመልክዓ ምድር ሥዕል ይህ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ለአርማ ግን ይጎዳል። በአርማ ቀኝና ግራ የሚለካው ጋሻውን ከያዘው ሰው አንጻር ነው። ስለዚህ የእኛ ግራ የጋሻው ቀኝ ነው። አንበሳ በተለምዶ ፊቱን ወደ ጋሻው ቀኝ ያዞራል። ጋሻውን በሰያፍ የሚያቋርጥ ሰቅ ከቀኝ ትከሻ ከወረደ ተራ ምልክት ነው። ከግራ ከወረደ ግን ሌላ ምልክት ነው፤ በብዙ ሰው አእምሮም ከጋብቻ ውጭ ከመወለድ ጋር ተያይዟል። ቀራጺው ንድፉን መገልበጥ ከረሳ እንግዲህ የተከበሩትን ጌታ ዲቃላ አደረጋቸው ማለት ነው።

ወደ ቀለሙ እንመለስ። የጋሻ ቀለሞች ጥቂት ናቸው። ሁለት “ብረቶች” አሉ፣ ወርቅና ብር፤ በሥዕል ቢጫና ነጭ ሆነው ይመጣሉ። ዋናዎቹ ቀለሞች ደግሞ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ናቸው። አንድ የቆየ ደንብ አለ። ብረት በብረት ላይ፣ ቀለም በቀለም ላይ አይቀመጥም። ቢጫ በነጭ ላይ ከሩቅ አይታይም፤ ሰማያዊም በጥቁር ላይ አይታይም። ደንቡ የመጣው ከዓይን ነው።

ታዲያ በጥቁር ህትመት ቀይን እንዴት ይናገሩታል? አንዱ መንገድ ከታተመ በኋላ በእጅ መቀባት ነው። ውድ ነው፣ ጊዜም ይወስዳል። ሌላው ፊደል መጻፍ ነው። ዮሐን ሲብማኸር በ1605 ኑርንበርግ ላይ ባወጣው ትልቅ የአርማ መጽሐፍ ከ3 ሺህ በላይ ትንንሽ ጋሻዎች አሉ። በየጋሻው ውስጥ የቀለሙን ስም የሚያመለክቱ ፊደላት ተበትነዋል። ይሠራል፤ ነገር ግን ያስቀይማል። አንበሳው ሆድ ላይ ፊደል ተጽፎበት እንዴት ያምራል?

ሦስተኛው መንገድ የመጣው ከራሱ ከቀራጺው ሙያ ነው። ለጥላ የሚሠራው ጭረት አቅጣጫው ራሱ ቢናገርስ? በ1600 በዝቅተኛ አገሮች (በዛሬዎቹ ቤልጅየምና ኔዘርላንድስ አካባቢ) የሌቨኑ ያን ባፕቲስት ዛንግሪየስ የብራባንት አርማዎችን ባሳተመ ጊዜ ይህን ሞክሮታል። ፈረንሳዊው ማርክ ቩልሶን ደ ላ ኮሎምቢየርም ሐሳቡ የእኔ ነው ብሎ ተከራክሯል። የጸናው ግን ኢየሱሳዊው ቄስ ሲልቬስተር ፔትራ ሳንክታ በ1638 ሮም ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የተጠቀመበት ሥርዓት ነው። ዛሬም የምንጠቀመው እሱን ነው።

እንዲህ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ቀጥ ያሉ መስመሮች ቀይ ናቸው። አግድም የተኙ መስመሮች ሰማያዊ። ሁለቱ ሲደራረቡ ጥቁር። ከእኛ ግራ ላይኛው ጥግ ወደ ቀኝ የሚወርዱ ሰያፍ መስመሮች አረንጓዴ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚወርዱት ሐምራዊ። ነጠብጣብ ወርቅ ነው። ባዶ ቦታ ብር ነው።

እንሞክረው። በእንግሊዝ ንጉሣዊ አርማ ሦስቱ አንበሶች የወርቅ ናቸው፣ መደቡ ቀይ። ስለዚህ መደቡ በሚወርዱ መስመሮች ይሞላል፣ አንበሶቹ ነጠብጣብ ይሆናሉ። የብሔራዊ ቡድኑ አርማ ግን የተለየ ነው፤ አንበሶቹ ሰማያዊ፣ መደቡ ነጭ። እዚህ መደቡን ባዶ ትተን አንበሶቹን በአግድም መስመር እንሞላለን። ከአጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጧቸው ያለ አንዳች ቀለም ይለያያሉ።

ሥርዓቱ ውስጥ የተደበቀ ሌላ ብልሃት አለ። ሁለቱ ብረቶች ባዶና ነጠብጣብ ስለሆኑ በወረቀት ላይ ብሩህ ናቸው። ቀለሞቹ በመስመር የተሞሉ ስለሆኑ ጠቆር ይላሉ። ብረት በብረት ላይ አይቀመጥም የሚለው ደንብ ከተከበረ፣ ምስሉ ከመደቡ በራሱ ጊዜ ይለያል። ለጨርቅና ለእንጨት የወጣ ደንብ ለመዳብም ሠራ።

ድክመቱ ደግሞ እዚያው አለ። ቀይና ሰማያዊ ለዓይን እኩል ግራጫ ናቸው። ልዩነታቸው አቅጣጫ ብቻ ነው። ራቅ ካላችሁ ይምታታሉ። አረንጓዴና ሐምራዊ ደግሞ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ናቸው። መዳብ ሲታተም እንደሚገለብጥ አስታውሱ። ሰሌዳው ላይ አረንጓዴ ብሎ የቀረጸ ሰው ወረቀቱን ሲያነሳ ሐምራዊ ያገኛል።

አሁን ዋጋው። አንድ የብር ማለትም ነጭ ጋሻ አለ እንበል። ቀራጺው ጋሻው መሃሉ ጎበጥ ያለ መሆኑን ማሳየት ፈለገ። የድሮው ቀራጺ ቢሆን በአንድ ጎኑ የሚወርዱ ጥቂት መስመሮች ጣል አድርጎ ጥላ ያወጣለት ነበር። ከ1638 በኋላ ግን እነዚያ መስመሮች “ቀይ” ይላሉ። ነጭ ሆኖ ለመቆየት ባዶ መሆን አለበት። ባዶ ከሆነ ደግሞ ጠፍጣፋ ነው። ቀዩም መደብ ቢሆን እንደዚያው። መስመሮቹ ቀጥ ብለው፣ እኩል ተራርቀው፣ እኩል ቀጥነው መሰመር አለባቸው። እንደ ጎልትሲውስ ላሳብጥ፣ ላጉብጥ ቢል ንባቡ ይበላሻል። የቀራጺው እጅ ያለው ውበት ሁሉ እዚህ ቦታ ላይ ስህተት ይሆናል።

አንዳንዶች መካከለኛ መንገድ ፈለጉ። መደቡን በኮዱ ሞልተው፣ አንበሳውን ራሱን ግን በጠማማ ጭረት ሥጋ ያለብሱታል። ቀጥ ያለው መስመር ለቀለም፣ ጠማማው ለአካል። ሲሳካ ግሩም ነው። ሳይሳካ አንበሳው የታመመ ይመስላል።

ብዙዎቹ ግን ሸሹ። ጋሻውን ለኮዱ ለቀቁለትና ጥበባቸውን ይዘው ወደ ዳር ወጡ። ከራስ ቁሩ የሚወርደው ጨርቅ መነሻው ቁራጭ ጨርቅ ነበር። በቀራጺዎቹ እጅ ግን ተቀደደ፣ ተጠቀለለ፣ ቅጠል ሆነ፣ ጋሻውን ዙሪያውን ዋጠው። ከዚያ ራስ ቁሩም ቀረና የተጠቀለለ ቆዳ የሚመስል ጥምዝ ክፈፍ መጣ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ክፈፉ ቀንድ አውጣና የባሕር ዛጎል ጨመረ፣ ሚዛኑንም አውቆ አዛባ። የዚያን ዘመን የመጽሐፍ ባለቤትነት ምልክት ብታዩ መሃሉ እንደ ካርታ የተሰመረ ደረቅ ጋሻ ነው፤ ዙሪያው ደግሞ ጫካ። ለእኔ የዚህ ጥበብ ምርጥ ክፍል ያ ጫካ ነው። ሕጉ ስለ እሱ የሚናገረው ጥቂት ስለሆነ መስመሩ የልቡን ይሠራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ህትመት ስታዩ መጀመሪያ ዓመቱን ፈልጉ። በ1550 የተቀረጸ ጋሻ ላይ የሚወርዱ መስመሮች ካሉ ቀይ ማለት አይደሉም። ተራ ጥላ ናቸው። ከ1638 በኋላም ሁሉም ወዲያው አልተከተለም። ኮድ ይሁን ጥላ ለመለየት መስመሩን አጉልታችሁ እዩት። እኩል ከሆነና ከዳር እስከ ዳር ከሞላ ኮድ ነው። አንድ ጎን ላይ ብቻ ከተጠራቀመ፣ ከወፈረና ከሳሳ፣ ብርሃን እየተከተለ ነው።

ከዚህ ጫካ የወጣ አንድ ሰው አለ። እንግሊዛዊው ዊልያም ሆጋርት በወጣትነቱ ለንደን ውስጥ ከኤሊስ ጋምብል ዘንድ የብር ዕቃ ቅርጽ ይማር ነበር። ሥራው በሳህንና በማሰሮ ላይ የደንበኞችን አርማ መቅረጽ ነው። ሰለቸው። የአርማ አውሬዎችን ትቶ በሕይወት ያለውን ነገር መሳል ፈለገ። ይሁን እንጂ እጁ እዚያ ነው የሰለጠነው። ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ በ1728 አንጥረኛው ፖል ደ ላመሪ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሮበርት ዋልፖል የሠራው ካሬ የብር ሳህን አለ። የንጉሥ ቀዳማዊ ጆርጅ ማኅተም ሁለት ገጽታዎች በመሃሉ ተቀርጸዋል። ቅርጹን የሆጋርት ነው የሚሉ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው።

ሆጋርት በ1753 ስለ ውበት አንድ መጽሐፍ ጻፈ። ክርክሩ በአጭሩ፣ ዓይን ከቀጥተኛ መስመር ይልቅ እየተጠማዘዘ የሚሄድ መስመር ይወዳል የሚል ነው። ማስረጃ ብሎ ያቀረበው ሐውልት ብቻ አይደለም፤ የወንበር እግርና የሴት ኮርሴትም አለበት። እኔ ግን ያንን መስመር ሳይ በየብር ሳህኑ ጋሻ ዙሪያ ለዓመታት የቀረጸው ጥምዝ ይታየኛል። መጽሐፉ ውስጥ ሰባት መስመሮችን በተርታ ደርድሯል። የመጀመሪያዎቹ ደረቅ ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ከልክ በላይ ያበጡ። እሱ የመረጠው አራተኛውን ነው።